ስለ ነጠላ ሰረዝ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት

ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶውንና ማገሩን አስቦ ያቆማል፤ ምስማሩን ግን ብዙ ጊዜ ቆጥሮ አያውቀውም። ነገር ግን ምስማሩ ሲወልቅ ማገሩ ይላላል፤ ማገሩ ሲላላም ግድግዳው ይዘማል። በጽሕፈትም እንዲሁ ነው። ቃሉን መርምረን፣ መዝገበ ቃላት ገልጠን፣ ፊደሉን አሳምረን እንጽፍና በቃላቱ መካከል የምትቀመጠውን ትንሿን ምልክት እንደ ዝንብ ነጠብጣብ እንቆጥራታለን። እኛም ሥራችን የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሆኖ ሳለ፣ በአንዲት ወይዘሮ ውርስ ላይ ስሕተት እስከ ሠራንበት ቀን ድረስ እንዲሁ ስንቆጥራት ኖረናል። ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ ሰረዝና ነጥብ ጥቂት ልንናገር የተነሣነው ሊቅ ነን ለማለት ሳይሆን፣ የእኛ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ነው።

በልጅነታችን ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር፣ ከየኔታ ፊት ተቀምጠን ፊደል ቆጠርን፤ መልእክተ ዮሐንስን አነበብን፤ ዳዊትን ደገምን። በዚያ ትምህርት ቤት ማረፊያን የሚያስተምረው ሰሌዳ ሳይሆን ጆሮ ነው። የሚነሣውን ቃል ማንሣትን፣ የሚወድቀውን መጣልን፣ ማረፊያው ሲደርስም ማረፍን ከየኔታ አፍ እንቀበላለን፤ ያለ ቦታው ያረፈ ልጅ የአርጩሜውን ድምፅ ይሰማል። በብራናው ላይ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤ አራት ነጥብ ነገሩን ይፈጽማል፤ ከዚህ የተረፈውን አብዛኛውን ትንፋሽ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ምልክት ማለት የትንፋሽ ማረፊያ ማለት ሆኖ በልባችን ተተከለ።

ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ይህንኑ ልማድ ይዘን ገባን። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ድርሰታችንን ለመምህርታችን ባስረከብን ጊዜ ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተከብቦ ተመለሰልን። ቃሎቻችን ትክክል ነበሩ፤ የተከበቡት ሰረዞቹ ብቻ ናቸው። «ይህችን እዚህ ላይ ለምን አኖርሃት?» ብለው ቢጠይቁን፣ «እዚህ ላይ ስለሚተነፈስ ነው» ብለን መለስን። እርሳቸውም ሳቁና «አንተ ተንፍስ፤ እርስዋን ግን ተዋት» አሉን። እኛም ከጓደኞቻችን ጋራ አብረን ሳቅን እንጂ ነገሩን አላስተዋልነውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በውጭ አገር ኖሮ እዚያው ያረፈ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ የጻፈው ኑዛዜ ወደምንሠራበት ፍርድ ቤት ቀረበ። ሟቹ በከተማችን አንድ ቤት ነበረው፤ ሚስትና ልጅ አልነበረውም፤ ሦስት እኅቶች ግን ነበሩት። ወረቀቱን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ ለእኛ ተሰጠ። የነገሩ እምብርት አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ በእኛ ፊደል ብንጽፈውና በኮማው ፈንታ ነጠላ ሰረዝ ብናገባበት እንዲህ ይነበባል፦ «ማይ ሲስተርስ፣ ሁ ነርስድ አወር ማዘር፣ ሻል ሼር ዘ ሃውስ ኢኳሊ።» እኛም ሳንዘገይ «እናታችንን ያስታመሙት እኅቶቼ ቤቱን እኩል ይካፈሉ» ብለን መለስነው። የጎደለ ቃል የለም፤ የተጨመረ ቃል የለም፤ ደስ ብሎን ማኅተም አስመታንበት።

ሁለቱ ታላላቆች በከተማው ነዋሪዎች ስለሆኑ እናታቸውን እስከ መጨረሻዋ ቀን አስታመዋል። ሦስተኛዋ፣ ታናሺቱ ወይዘሮ፣ ደብረ ታቦር ተድረው የሚኖሩ ናቸው፤ እናታቸው በታመሙበት ወራት አራስ ስለ ነበሩ ከአልጋው አጠገብ ሊቆሙ አልቻሉም፤ ገንዘብና ማር ብቻ ይልኩ ነበር። በእኛ አማርኛ መሠረት ታላላቆቹ «ቤቱ የሁለታችን ነው» ብለው ቆሙ። ታናሺቱም ከውርስ ወጡ።

ወይዘሮዋ በአራተኛው ቀጠሮ ሴት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ያን ጊዜ የተወለደችው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። የእንግሊዝኛውን ግልባጭ ይዛ በጠረጴዛችን ፊት ቆመችና እንዲህ አለችን፦ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ኮማ በሁለት በኩል ሲከብብ፣ መካከል ያለው ነገር ቢወጣም ዐረፍተ ነገሩ አይጎድልም ብለው አስተማሪያችን ነግረውናል። እንዲህ ከሆነ፣ አጎቴ እኅቶቼ ሁሉ ማለታቸው አይደለምን?»

እኛም ፊታችንን አኮሳትረን «ልጄ፣ ይህ የሕግ ወረቀት ነው እንጂ የክፍል ደብተር አይደለም» አልናት። እናትዋም ይቅርታ ጠይቀው እጇን ይዘው ወጡ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የመምህርታችን ቀይ ቀለም ከብዙ ዘመን በኋላ በዓይናችን ላይ መጣ። ሲነጋ ወደ መዝገብ ቤት ሄደን ወረቀቱን አወጣን፤ በሁለቱ ኮማዎች መካከል ያለውን ቃል በጣታችን ሸፍነን አነበብነው። «እኅቶቼ ቤቱን እኩል ይካፈሉ» ይል ነበር። ወደ ዳኛው ገብተን ስሕተታችንን ገለጥን። ዳኛውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከፍርድ በፊት የተገኘ ስሕተት ዕዳ ነው፤ ከፍርድ በኋላ የተገኘ ግን በደል ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ ገና ባለ ዕዳ ነህ» አሉን። ወረቀቱን ሌላ ሰው እንዲመልሰው አዘዙ፤ የእርሱም ትርጓሜ ከልጅቱ ንባብ ጋራ ተስማማ። የምስክሮችም ቃል ከተሰማ በኋላ ቤቱ ለሦስቱ እንዲካፈል ተፈረደ። ነገር ግን ወይዘሮዋ ለመንገድና ለማደሪያ ብለው አንዲት ላም ሸጠው ነበር። ፍርዱ ላሚቱን አልመለሰላቸውም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሥሩ መረመርነው። በአማርኛችን «እናታችንን ያስታመሙት እኅቶቼ» ስንል፣ ቅጽሉ ከስሙ በፊት ይቀድማል። ሁሉም አስታመው ይሁን ወይስ ጥቂቶቹ፣ የምናውቀው ከነገሩ አካሄድና ከተናጋሪው ድምፅ ነው፤ በመካከል የምትገባ ሰረዝ የለችም። በእንግሊዝኛ ግን ይህ ዓይነቱ ቅጽል ከስሙ በኋላ ይመጣል። ስሙን ለይቶ የሚወስን ከሆነ ያለ ኮማ ይያያዛል፤ ትርጉሙም «ከእኅቶቼ መካከል ያስታመሙት ብቻ» ይሆናል። ስሙ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ቅጽሉ ወሬ ለመጨመር ብቻ የመጣ እንደ ሆነ ግን በሁለት ኮማ ይታጠራል፤ ትርጉሙም «እኅቶቼ ሁሉ፤ እነርሱም አስታመዋል» ይሆናል። እንግሊዝኛ ለምልክት የሰጠውን አደራ አማርኛ ለቃል ይሰጠዋል። ስለዚህ ያንን ኑዛዜ በእውነት ለመመለስ «እኅቶቼ ሁሉ ቤቱን እኩል ይካፈሉ፤ እናታችንን አስታመዋልና» ማለት ይገባን ነበር። እኛ ግን ቃሉን ሁሉ መልሰን ሁለቱን ኮማዎች ሳንመልስ ቀረን።

ምልክትን ለትንፋሽ መቁጠር የእኛ ብቻ ስሕተት አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ዓመት ገደማ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት አለቃ የነበረው የቢዛንጥዮኑ አሪስጦፋኒስ፣ ድምፅ አሰምቶ የሚያነብ ሰው የሚያርፍበትን ያውቅ ዘንድ ነጥቦችን በላይ፣ በመካከልና በታች እያደረገ ማኖርን አስተማረ። ኮማ የሚለውም ስም ከግሪክ የመጣ ሆኖ «የተቆረጠ ክፍል» ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ በቬኒስ ከተማ አልዱስ ማኑቲዩስ የተባለው አታሚ፣ ዛሬ ሴሚኮሎን የምንለውን፣ ለእኛ ድርብ ሰረዝ የሚቀርበውን ምልክት በመጽሐፍ ላይ አወጣ። የማተሚያ መኪና ከተስፋፋና ሰው በዓይኑ ዝም ብሎ ማንበብን ካዘወተረ በኋላ፣ ምልክቶቹ ከትንፋሽ ይልቅ ለሰዋስው መገዛት ጀመሩ። የዛሬው እንግሊዝኛ ሥርዐት ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ፣ የእኛን ሰው አብዝቶ የሚያሰናክሉትን በቅደም ተከተል እናስታውሳለን።

አንደኛ፦ የሚያጥሩ ኮማዎች እንደ በር መቃኖች ሁለት ናቸው። አንዱን አቁሞ ሁለተኛውን መርሳት ታላቅ ስሕተት ነው። የታጠረው ነገር የዐረፍተ ነገሩ ማለቂያ ላይ ከዋለ ግን ሁለተኛውን ኮማ ነጥቡ ይተካዋል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ በኮማዎቹ መካከል ያለውን በጣት ሸፍኖ ማንበብ ነው። የቀረው ጸሐፊው ያሰበውን ካልተናገረ፣ ኮማዎቹ መግባት አልነበረባቸውም።

ሁለተኛ፦ ባለቤቱንና አንቀጹን አንዲት ኮማ ብቻዋን ገብታ ልትለያቸው አይገባም። በአማርኛ ባለቤቱ ሲረዝምብን «ትናንት ከጎንደር የመጣው የሟቹ ታላቅ ወንድም፣» ብለን እናርፋለን፤ ማንም አይነቅፈንም። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ሁለት መስመር ቢሞላ እንኳ አንቀጹን ሳይነጠል ሊያገኘው ይገባል። መምህርታችን «አንተ ተንፍስ፤ እርስዋን ግን ተዋት» ያሉን ይህንኑ ነበር።

ሦስተኛ፦ ሁለት የተፈጸሙ ነገሮችን ኮማ ብቻዋን ልታያይዛቸው አትችልም። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በቦዝ አንቀጽ ይራመዳል፤ «ገበያ ሄጄ፣ ጨው ገዝቼ፣ ዘመድ ጠይቄ፣ ተመለስሁ» ስንል ማሰሪያ አንቀጹ አንድ ስለሆነ ነጠላ ሰረዝ ይበቃዋል። ይህን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግር፣ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ያለውን ነገር በኮማ ብቻ እየቀጠልን ገጽ እንሞላለን። «ዳኛው ገባ» አንድ ነው፤ «ሕዝቡ ተነሣ» ሁለተኛ ነው። በመካከላቸው ወይ ነጥብ፣ ወይ ሴሚኮሎን፣ ወይም ኮማ ከኤንድ፣ ከበት ወይም ከሶ ጋራ ይገባል። ሃውኤቨር የሚለው ቃል እንደ በት መስሎን የምንስተው ብዙ ጊዜ ነው፤ እርሱ ሁለቱን የማያያዝ ኀይል ስለሌለው ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮሎን ይሻል።

አራተኛ፦ «ዝናብ ከዘነበ አንመጣም» በሚለው ዓይነት ነገር፣ በኢፍ ወይም በዌን የሚጀምረው ክፍል ከቀደመ ከኋላው ኮማ ይደረግለታል፤ ከኋላ ከመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደረግለትም። በአማርኛ ይህ ክፍል መቅደምን ስለሚወድ፣ እኛ በሁለቱም በኩል ኮማ መጨመር ይቀናናል።

አምስተኛ፦ ብዙ ነገር ሲቆጠር፣ ከመጨረሻው ኤንድ ወይም ኦር በፊት ኮማ ማድረግና አለማድረግ በእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ዘንድ ራሱ ክርክር ነው። የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ያደርገዋል፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች ብዙዎቹ ይተዉታል። አንዱን መርጦ በእርሱ መጽናት መልካም ነው፤ ትርጉም የሚያሻማ ሲሆን ግን ምርጫ የለም፤ ኮማው መግባት አለበት፤ ይህም የማያጠራው እንደ ሆነ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ እንደገና መጻፍ አለበት። በአሜሪካ በሜይን ግዛት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይገባቸውን ሥራዎች የሚቆጥር ሕግ ነበር፤ ምግብን ማሸግ፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ «ለመላክ ወይም ለማከፋፈል መጠቅለል» ወይም «ለመላክ መጠቅለል፣ ወይም ማከፋፈል» ተብሎ በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችል ነበር፤ ኮማው ቀርቷልና። ኦክኸርስት የተባለው የወተት ድርጅት ነጂዎች «እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አንጠቀልልም» ብለው ተከራከሩ። በ2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት ለነጂዎቹ አደላ፤ በ2018 ነገሩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ አለቀ። ግዛቲቱም ሕጉን አሻሽላ ሥራዎቹን በሴሚኮሎን ለየቻቸው።

በሁለት ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው የካናዳው ነገር ነው። ሮጀርስና አሊያንት የተባሉ ሁለት ድርጅቶች የስልክ ምሰሶ ስለ መከራየት ውል ነበራቸው። ውሉ ለአምስት ዓመት እንዲጸና፣ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ እንዲታደስ፣ በአንድ ዓመት ማስታወቂያ ካልተቋረጠ በቀር፣ ይል ነበር። ጥያቄው ማስታወቂያው በመጀመሪያው አምስት ዓመት ውስጥም ይሠራል ወይስ አይሠራም ነው። በ2006 የአገሩ የቴሌኮሙኒካሲዮን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ «ካልተቋረጠ» ከሚለው ቃል በፊት ያለችውን ኮማ ተመልክቶ ይሠራል ብሎ ወሰነ። በ2007 ግን የዚያው ውል የፈረንሳይኛ ቅጂ ቀረበ፤ እርሱ የማያሻማ ሆኖ ስለ ተገኘ ፍርዱ ተገለበጠ። አንዱ ቋንቋ በምልክት የደበቀውን ሌላው በቃል ገለጠው ማለት ነው።

ገንዘብ የሚተካ ነገር ነው፤ ነፍስ ግን አትተካም። በ1916 ሮጀር ኬዝመንት የተባለው የአየርላንድ ሰው በጀርመን አገር ከጠላት ጋራ ተባብሯል ተብሎ በለንደን ተከሰሰ። የተጠቀሰበት ሕግ በ1351 በጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። ጠበቃው ሕጉ በመንግሥቱ ግዛት ውስጥ የሚሠራን ክዳት ብቻ ይመለከታል ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ሐረጎቹ የትኛው ከየትኛው ጋራ እንደሚያያዝ ስለሆነ፣ ዳኞች ጥንታዊውን ጽሑፍ ራሱን፣ በላዩ ያሉትን ጭረቶች ሳይቀር፣ እስከ መመርመር ደረሱ። ይግባኙ አልተቀበለለትም፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በፈረንጆች አቆጣጠር በሦስተኛው ቀን ተሰቀለ። ሰውም በኮማ ተሰቀለ ይላል። ነገሩ በኮማ ብቻ አለመወሰኑን የሕግ ሰዎች ያውቃሉ፤ ነገር ግን በአንድ ሰው አንገት ላይ ሲፈረድ ጭረት እስከ መቁጠር መደረሱ ለጸሐፊ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው።

በአገራችንም ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን እያሳተመ ኖሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ ኀይል ለአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል። ይህ ግን እንግሊዝኛውን በቸልታ እንድናነብ ፈቃድ የሚሰጠን አይደለም። የልጆቻችን የትምህርት ወረቀት፣ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩት ውክልና፣ የንግድ ውል፣ ብዙው በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ በቤታችንም አንብቦ የሚያስረዳው አብዛኛውን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ሲያመጣ ስለ ቃሉ ብቻ አትጠይቁት። «ይህች ሰረዝ እዚህ ለምን ተቀመጠች?» በሉት። ለመተንፈስ ነው ካላችሁ፣ ጣቱን አስዘርግታችሁ ሸፍኖ እንዲያነብ አድርጉት። የሚመልስላችሁ ነገር እናንተን ቢያሳርማችሁም ፊታችሁን አታኮሳትሩ። እኛ ስናኮሳትር የአንዲት ወይዘሮ ሲሶ ቤት ሊጠፋ አንድ ሌሊት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቆየን ቀድሞ የመለስናቸውን ወረቀቶች ግልባጭ ሁሉ አውጥተን መረመርን። ያንኑ ስሕተት የሠራንባቸው ሌሎች ሁለት አገኘን። በአንደኛው ማንም አልተጎዳም። በሁለተኛው ግን የሚጎዳው ባለጉዳይ አስቀድሞ አርፎ ነበር፤ ለልጆቹ አስታውቀን እርማቱን በመዝገቡ አስገባን። ልጆቹም «አባታችን ቃሉን ሰምቶ ቢሞት ይሻል ነበር» አሉን እንጂ ሌላ ክፉ ቃል አልተናገሩንም።

ልጅቱ እርማቱ በተነበበበት ቀን ከእናትዋ ጋራ በችሎቱ ነበረች። ስንወጣ ቀርበን ይቅርታ ጠየቅናት። እርስዋም አፍራ አንገትዋን ደፋችና «ምንም አይደለም፣ ጋሼ፤ እኔም በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ ስቻታለሁ» አለችን።